የላቱ ጨው

በሂጅራ አቆጣጠር ሺህ ሁለት መቶ ዘጠና ዓመት በገባ በሙሐረም ወር፣ የብርዱን ወራት ሙሉ ሰውና ግመል ሲሻገርበት የከረመው የአሙ ወንዝ በረዶ እየተሰነጠቀ መጮህ ጀመረ፤ ጩኸቱም ከወዲህኛው የኺቫ ዳርቻ እስከ ወዲያኛው የሹራኻን መንደሮች ይሰማ ነበር፤ ጀልበኞችም ጀልባቸውን ከሸምበቆው ከለላ አውጥተው በፀሐይ እያደረቁ ስንጥቁን በጥጥና በቅጥራን ይደፍኑ ጀመር። በገበያው ደግሞ የነጩ ንጉሥ፣ የሩሲያው ዛር፣ ጦር ከየአቅጣጫው ወደ ኺቫ ሊዘምት ነው የሚል ወሬ ይናፈስ ነበር፤ ግማሹ ሰው ይስቃል፣ ግማሹ እህል ይቀብራል።

በከተማይቱ ውስጥ፣ በካኑ የጦር አዛዥ በያሳውልባሺ ሳፋርበይ ግቢ የምትኖረው ኖርቢቢ ግን የጦሩ ወሬ ጆሮዋም አልገባ። የእሷ ጆሮ የወንዙን በረዶ ነበር የሚያዳምጠው፤ በረዶው ከሄደ ጀልባ ይመጣል፤ ጀልባ ከመጣ ጀልበኛው ባሏ ጭነት ይዞ ይመጣል፤ ባሏ ከመጣ ስለ ልጇ ወሬ ይነግራታል።

ኖርቢቢ የጀልበኛው የማትያቁብ ሚስት ናት፤ ቤቷ ከወንዙ ማዶ። ባለፈው መኸር የያሳውልባሺው ሚስት ወንድ ልጅ ተገላግላ በአራስነቷ በሞተች ጊዜ፣ ሕፃኑን ሻኒያዝን የምታጠባ ጤነኛ ሴት ተፈልጋ ተፈልጋ ዕጣው ኖርቢቢ ላይ ወደቀ። ማትያቁብ የሚሠራበት መሻገሪያ በያሳውልባሺው ሥር ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው «እባካችሁ» ሲል እምቢ የሚል አፍ ከየት ይመጣል? እናም ኖርቢቢ የራሷን ልጅ፣ ገና መቀመጥ እንኳን ያልቻለችውን ኢቅባልን፣ ለባሏ እህት ለረይሃን ሰጥታ ሄደች። ረይሃን በዚያው ሰሞን የወለደችውን ቀብራ፣ ጡቷ ወተት እንዳዘለ የቀረች ሴት ነበረች። ሁለቱ በር ላይ ተቃቅፈው ተላቀሱ፤ አንዷ ስለሰጠችው፣ አንዷ ስለተሰጣት።

ውሉ ልጁ ጡት እስኪጥል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ነበር፤ የምታጠባ ሴት ደግሞ ከግቢ አትወጣም፤ የመንገድ አቧራና የናፍቆት እንባ ወተት ያበላሻል ተብሎ ይታመናልና። አቧራውንስ አጥር ይከለክለዋል፤ ናፍቆቱን ማን ይከልክለው! ከጎረቤት ሕፃን ባለቀሰ ቁጥር የኖርቢቢ ጡት በራሱ ጊዜ ይፈስ ነበር፤ እሷም ቀሚሷን በክንዷ ሸፍና ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ከቤቷ ይዛ የመጣችው የኢቅባልን መጠቅለያ ብቻ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ እንደ ሐር የለሰለሰ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ። ትራሷ ሥር አስቀምጣው ታሸተዋለች። መጀመሪያ ላይ ልጇን ልጇን ይላት ነበር፤ እየቆየ ግን ትራስ ትራስ ማለት ጀመረ፤ እሷም ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ሻኒያዝ ምስኪን ነበር። እናት የለችውም፣ አባቱ ሁሌ ከካኑ ሠፈር፤ የሚያሳድጉት አያቱ ሀዲቻ ቢካ ናቸው፤ ቢካ መባል የተወለዱበትም ያገቡበትም ማዕረግ ነው፤ ሲናገሩ የግቢው ዶሮ ሳይቀር ዝም ይላል። ብርዱ ሊወጣ ሲል ልጁ ጥርስ ማውጣት ጀመረ።

በእኛ ዘንድ ልጅ ድዱን ሲያሳክከው የበግ ላት ይቀቀላል፤ በጣት ልክ ተቆርጦ፣ እንዳይውጠው በክር ታስሮ፣ ክሩ ከሚወዛወዘው አልጋ፣ ከቤሺኩ ማገር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሕፃኑም እጅና እግሩ እንደተጠቀለለ በጀርባው ተኝቶ ላቱን ይመጠምጣል፤ ድዱ ይለሰልሳል፤ ቤተሰቡም እፎይ ይላል። ኖርቢቢም ይህንኑ አደረገች። ሻኒያዝ ግን እፎይ አላለም። ለሃጩ ከአገጩ አልፎ የአንገቱ እጥፋት ውስጥ ይጠራቀማል፤ በላዩ ደግሞ ሀዲቻ ቢካ በወርቅ ክር ያስጠለፉት የለሃጭ መቀበያ አንገቱ ላይ ታስሯል፤ ክታብ የተሰፋበት ስለሆነ ማውለቅ ነውር ነው፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም፣ ወርቁም ይቧጥጣል። መጀመሪያ አገጩ ቀላ፤ ከዚያ ጥቃቅን ሽፍታ ወጣበት፤ ከዚያ ቆዳው ተላጠ። ቢያጥቡትም፣ በጽጌረዳ ውሃ ቢያብሱትም የሚሻለው አልሆነም።

«ኖርቢቢ!» አሉ ሀዲቻ ቢካ አንድ ቀን ረፋድ ላይ።

«አቤት፣ ቢካዬ።»

«ምን እየበላሽ ነው? ወተትሽ እሳት ሆኗል እኮ! የልጄን ልጅ አገጭ አየሽው? የተላጠ ሮማን መስሏል።»

«የሰጡኝን ነው የምበላው፣ ቢካዬ፤ ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

«እንግዲያው ሐሳብሽ ነው። ሁልጊዜ ወደ ወንዙ ነው የምታዪው፤ የምትናፍቅ ሴት ወተቷ ይግላል። ስሚኝ፤ ልጄ ለአዲስ ዓመቱ ለኑሩዝ በዓል ይመጣል። ልጁን እንዲህ ሆኖ አያየውም። ይህ ፊት ካልጠራ ከዚሁ ከከተማው ሌላ አጥቢ አስገባለሁ፤ ባልሽም መጥቶ ይውሰድሽ።»

ኖርቢቢ ቶሎ አጎንብሳ ምንጣፉን ማስተካከል ጀመረች። ያጎነበሰችው አዝና አልነበረም። ፊቷ ላይ ድንገት የበራውን ደስታ ቢካ እንዳያዩባት ነው።

ሀዲቻ ቢካ ባያዩትም ወጥ ቤቷ ጉልአንዳም አየችው። ጉልአንዳም ፋርስ ናት፤ በልጅነቷ ዘራፊዎች ከኩራሳን አፍነው አምጥተው የሸጧት ባሪያ ስትሆን፣ ከምላሷ በስተቀር የቀራት ነገር አልነበረም።

«አንቺ፣ ፊትሽን ምን አበራው?» አለቻት። «ሊያባርሩሽ እኮ ነው! ወይ ዕድል! እኔ እዚህ ቤት ስንት ድስት አቃጠልኩ፣ ስንት ሩዝ ገንፎ አደረግሁ፤ አንድ ሰው ‹ሂጂልን› ያለኝ የለም። አንቺ አንድ አገጭ ቀልቶልሽ አገርሽ ልትገቢ!»

«ዝም በይ፣ ይሰሙሻል!»

«ይስሙኝ! ምናልባት እኔንም ያባርሩኝ ይሆናል።»

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ኖርቢቢ ልጁን ከቤሺኩ ፈትታ አወጣችው፤ እያባበለችም ሳታስበው አገጩን ሳመችው። ከንፈሯን ስትልሰው ጨው ጨው አላት። ለሃጭ እንዲህ ጨው አይልም። ክሩን ሳብ አድርጋ ላቱን ቀመሰችው፤ ቀጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

«ጉልአንዳም፣ ይህን ላት ከየት ነው የምታወጪው?»

«ከየት ይሆናል? ከማሰሮው ነዋ። በብርዱ ወር ያረድነው ሁሉ እዚያ አይደል ያለው?»

«ጨው አለው።»

«ያለ ጨው እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር? ቀቅዬዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን ላድርገው?» አለችና ጉልአንዳም ማንኪያዋን እንደያዘች ቆመች። የኖርቢቢን ፊት አየች፤ ወደ ሕፃኑ አገጭ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አሃ… እኔ ምንም አልሰማሁም። አንቺም ምንም አልቀመስሽም። ሂጂና ልጅሽን እቀፊ፣ አንቺ ሞኝ።»

በማዶ መንደር ለሕፃን የሚሰጠው ላት ዛሬ ከታረደ በግ የተቆረጠ ነው፤ ጨው የሚያስብ ማንም የለም። ኖርቢቢም በሰፈሯ ልማድ፣ በከተማው ማሰሮ ላት፣ ሳትቀምስ አስራለት ኖሯል። ስህተቱ የእሷው ነበር። አሁን ግን ስህተት መሆኑ ቀርቶ ምርጫ ሆነ፤ ክሩን በጥሳ ብትጥለው ልጁ ይድናል፣ እሷም እዚሁ ትቀራለች፤ ዝም ብትል ልጇን ታቅፋለች። ከዚያ ላቱን መልሳ በማገሩ ላይ አንጠለጠለችው። አትፍረዱባት ብዬ አልለምንም፤ ግን ጡቷ በሰው ግቢ ውስጥ ለልጇ ሲፈስባት የኖረች ሴት ምን ብላ እንዳሰበች እኔ አውቃለሁ፤ የዚህ ልጅ አገጭ ይድናል፤ የእኔ ልጅ ግን እኔን ከረሳችኝ ምን ያድነኛል ብላ ነው።

የአገጩ ነገር እየባሰ ሄደ። ሀዲቻ ቢካ ወደ ማዶ መልእክት ላኩ፤ ማትያቁብም የመጀመሪያውን የተፈታ ውሃ ተሻግሮ፣ አህያ እየነዳ፣ ከኑሩዝ ቀደም ብሎ ደረሰ። ባልና ሚስት በውጭው በር አጠገብ፣ ዘበኛው ፊቱን አዙሮላቸው ተነጋገሩ።

«ከስተሻል» አላት።

«እሱን ተወው። ልጄስ?»

«ኢቅባል? እሷማ ጥርስ አውጥታለች! ያገኘችውን ሁሉ ትነክሳለች፤ ባለፈው የአህያውን ጆሮ ልትነክስ ነበር። ለሃጯ ሸሚዜን ያበሰብሰዋል።»

ኖርቢቢ ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋ ቆመ። «አገጯስ?»

«ቀልቷል። ረይሃን በእጅጌዋ ፍትግ ፍትግ ታደርጋታለች፤ ትጮኻለች።»

«ኧረ በአላህ! አትፍተጓት በሉ!»

«ነገ መጥተሽ ራስሽ ትነግሪያት የለ? ጠዋት አህያውን ጭኜ እመጣለሁ፤ ተዘጋጂ።»

ኖርቢቢ ወደ ውስጥ ስትመለስ እግሯ መሬት አይነካም ነበር። ዕቃዋን ለመጠቅለል አልቸገራትም፤ ምን ዕቃ አላት! የኢቅባልን ጨርቅ ከትራሷ ሥር አውጥታ ጉያዋ ከተተችው። ከዚያ ሻኒያዝን ለመጨረሻ ጊዜ ልታጠባው ተቀመጠች።

ልጁ ርቦታል። አፉን ከፍቶ ተንደረደረ፤ ጡቱን ያዘ፤ የተላጠው አገጩ ገላዋን ሲነካ ግን ጮኾ ለቀቀ። እንደገና ያዘ፤ እንደገና ለቀቀ። መራብና መቃጠል አንድ ላይ ሆነውበት፣ ምን እንደሚሻለው ግራ ገብቶት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ያለቅስ ጀመር። ማዶ ያለችው ልጇ በእጅጌ ስትፈተግ ትጮኻለች፤ ይሄ እዚህ በእጇ ውስጥ ይጮኻል፤ ለዚያች ዛሬ አትደርስላትም። ለዚህ ግን ትደርስለታለች።

ተነሣች። ያን የወርቅ ጥልፍ ፈታ ወረወረችው። ክሩን ከማገሩ በጠሰች። አፍልታ ያቀዘቀዘችውን ለብ ያለ ውሃ በሳህን አቀረበች፤ ጨርቅ ፈለገች፤ በዚያ የሐርና የከፋይ ቤት ለተላጠ ቆዳ የሚሆን፣ ውሃ የሚመጥ ለስላሳ ጨርቅ አንድም አልነበረም። እጇን ወደ ጉያዋ ሰደደች። የኢቅባልን መጠቅለያ በጥርሷ ይዛ ቀደደችው። በአንዱ ቁራጭ፣ ሳትፈትግ፣ ነካ ነካ እያደረገች ጨዉን አጠበችለት፤ በሌላው ቁራጭ አገጩንም የአንገቱን እጥፋትም አደረቀች፤ ነፋስ እንዲያገኘውም ጥቂት ጊዜ ክፍቱን ተወችው። ጉልአንዳም በበሩ አንገቷን አስግጋ አየችና ተመለሰች፤ ቆይታም ለበዓሉ ከታረደው በግ ላይ የተቆረጠ፣ ጨው የሚባል ያልነካው ላት አቅልጣና አጥልላ በጽዋ አመጣች።

«ሞኝ» አለቻት ጽዋውን ስታቀብላት። «ሞኝ ነሽ ብዬሽ አልነበር?» ዓይኗ ግን እንባ አቅርሯል።

ኖርቢቢ ላቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ ስስ አድርጋ ቀባችው። ሻኒያዝ ጡቱን ያዘ፤ አገጩ ተንሸራተተ እንጂ አልተቃጠለም፤ ጠብቶ ጠብቶ እዚያው አንቀላፋ።

ልጁን አስተኝታ ወደ ሀዲቻ ቢካ ገባችና እግራቸው ሥር ተንበረከከች።

«ቢካዬ፣ ወተቴ ደህና ነው። ላቱ ነው ያቃጠለው፤ የማሰሮ ላት ነው፤ ሳልቀምስ አሰርኩለት። ካወቅሁ በኋላም ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልሽ?» አሉ አሮጊቷ።

«ወደ ልጄ ልሂድ ብዬ።»

«ታዲያ አሁን ለምን ተናገርሽ? ነገ ሄደሽ አልነበር?»

«ራበው፣ ቢካዬ። ርቦት መጥባት አቃተው።»

ሀዲቻ ቢካ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። መልሰው ሲናገሩ ያ ዶሮ የሚያስፈራው ድምፃቸው የለም። «ክፉ ሴት ብትሆኚ በደስታ እሰድሽ ነበር። አሁን ግን እንዴት አድርጌ ልስደድሽ? ይህን እናት የሌለውን ልጅ ከዚህ ወዲያ ለማን አምኜ እሰጣለሁ? አትሄጂም፣ ልጄ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ አልለቅሽም።»

በማግስቱ ጠዋት ማትያቁብ አህያውን ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። ስትነግረው ልጓሙን ይዞ መሬት መሬቱን አየ። እሷ ግን ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም፤ ከመጠቅለያው የተረፈውን ቁራጭ ሰጠችው። «ይህ ለኢቅባል ነው። አሁን የምልህን ያዝ፤ ለረይሃን አንድም ሳታጎድል ንገራት። ለብ ባለ ውሃ እጠቢ። ነካ ነካ፣ እንዳትፈትጊ። እጥፋቱን አድርቂ። ጨው ያልነካው ላት አቅልጠሽ ስስ አድርገሽ ቀቢ፤ ሳትጠባ በፊትና ሳትተኛ በፊት። የራሰ ልብስ አንገቷ ላይ አይቆይ። በል ድገመው።»

«ላት ቀቢ፣ ከዚያ እጠቢ…»

«ኧረ ተው አንተ ሰው! ጀልባህን ቅጥራን ከቀባህ በኋላ ነው የምታጥበው?»

ማትያቁብ ፊቱ በራ። «አሃ! እሱንማ አውቃለሁ። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ከዚያ ቅጥራን፤ እርጥብ እንጨት አይዝም። ውሃው እንዳይገባ ነው ለካ!» ከዚያም እንደ ቁርኣን ተማሪ ደጋግሞ አለላት፤ መንገዱን ሲጀምርም «ነካ ነካ፣ እንዳትፈትጊ» እያለ ከአህያው ጋር ሲሄድ ሰማችው። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ነው ግድግዳ ተደግፋ ያለቀሰችው፤ ስታለቅስ ውላ እንዲህ ያለ የልጅ ናፍቆት ሰው ይገድላል ብላ ነበር፤ ግን አልገደላትም።

ኑሩዝ ሲደርስ የሻኒያዝ ፊት ጠርቶ ነበር፤ አባቱም አቅፎት ሳመው። የተሳሳሙት ግን በችኮላ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። የነጩ ንጉሥ ጦር በረሃውን አቋርጦ መጣ፤ በወንዙ ላይ የነበረው ጀልባ ሁሉ ተወሰደ፤ የከተማይቱ በሮች ተዘጉ፤ በረቢዑል አኺር ወር መድፍ ግንቡን መታው፤ ኺቫም እጅ ሰጠች። ቀጥሎ ባሮች ሁሉ ነፃ ናቸው ተብሎ ታወጀ። ጉልአንዳም ድስቷን በአፉ ደፍታ፣ «እንግዲህ ሩዛቸውን ራሳቸው ያቃጥሉ» ብላ ኖርቢቢን ስማ ከተጓዦች ጋር ወጣች። ያ ጉዞ በመንገድ ላይ ብዙ ሰው አስቀርቷል፤ እሷ ትድረስ አትድረስ ማንም አልሰማም። በበጋው መጨረሻ ደግሞ ውል ተፈረመ፤ የወንዙ ማዶ ከካኑ አገር ተቆርጦ ለነጩ ንጉሥ ሆነ። ኖርቢቢ በአንድ ፊርማ ልጇ የሌላ አገር ሰው ሆነችባት። ጀልባ ያለ ፈቃድ አይሻገር ተባለ፤ የማትያቁብም ወሬ ጠፋ። ተርፈዋል? ተቃጥለዋል? ሸሽተዋል? የምትጠይቀው አልነበራትም። በየቀኑ የሻኒያዝን አገጭ ነካ ነካ እያደረገች ታጥብ፣ ታደርቅ፣ ትቀባ ነበር፤ በዚያች ሰዓት ማዶ ያለችው ሴትም ይህንኑ እያደረገች ይሆናል እያለች ራሷን ታጽናናለች።

በሺህ ሁለት መቶ ዘጠና አንድ ዓመት፣ በሻዕባን ወር፣ ልጁ ጡት ጣለ፤ ሀዲቻ ቢካም የሁለት ዓመቱን ውል አክብረው የመሻገሪያ ፈቃድ አስወጥተው ላኳት። ሻኒያዝ በበሩ ላይ «እናዬ!» እያለ በሁለት እጁ ቀሚሷን ይዞ አልለቅም አለ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማላቀቅ ነበረባት። ከዚያ ስቃይ ወጥታ ወደ ሌላው ስትሄድ ዘወር ብላ አላየችም።

መንደሩ ቆሟል። ማትያቁብ ጀልባውን ቢያጣም በሰው ጀልባ እየቀዘፈ ቤቱን ይዟል። ኖርቢቢ ስትደርስ ረይሃን በረንዳው ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ከጎኗ አንዲት ትንሽ ልጅ በጨርቅ አሻንጉሊት ትጫወታለች። የመጨረሻ መንጋጋዎቿ እየወጡ ስለሆነ አገጯ ርሷል፤ ቀልቶ ግን አልነበረም። ረይሃን ኖርቢቢን ስታይ እንደ ጨው ሐውልት ደረቀች፤ ከዚያ እያለቀሰች ልጅቷን ገፋ አደረገቻት። «ኢቅባል፣ ሂጂ፤ እናትሽ መጣችልሽ።»

ልጅቷ አልሄደችም። የረይሃንን ቀሚስ ያዘች፤ በዚያች ትንሽ እጅ፣ ልክ ሻኒያዝ የኖርቢቢን እንደያዘው። ኖርቢቢ ይህን ያህል ዘመን የፈራችው ነገር መጣ፤ እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋም ዝም ብሎ ይወርድ ጀመር። በመዳፏ ፊቷን እያሸች ልትጠርገው ሞከረች።

ያን ጊዜ ኢቅባል የረይሃንን ቀሚስ ለቀቀች። እየተንገዳገደች መጣች። ከአንገቷ ላይ አንዲት ታጥባ ታጥባ ያለቀች የጥጥ ቁራጭ አወለቀች፤ የኖርቢቢን እጅ ከፊቷ ላይ አነሣች።

«እንዳትፈትጊ» አለቻት ኮስተር ብላ። «ነካ ነካ። ይቆስላል።»

እያለችም ጉንጯን ነካ ነካ አደረገችላት።

የኺቫን መውደቅ የጻፉ ሁሉ መድፉን ቆጥረዋል፤ የውሉን አንቀጾች ጠብቀዋል። ሻኒያዝ ሳፋርበይ አድጎ ከካኑ ባለሟሎች አንዱ ሲሆን፣ ፊቱ እንዴት የጠራ፣ ጢሙም እንዴት ያማረ እንደ ነበር በግቢው የነበሩ ሰዎች እስከ እርጅናቸው ያወሩ ነበር። ኖርቢቢን ያነሣ አንድም ሰው የለም። በዚያ በማዶ መንደር ግን ልጅ ጥርስ ሲያወጣ ላቱ ሳይቀመስ አይታሰርም፤ እናቶችም የልጃቸውን አገጭ ሲያጥቡ «ነካ ነካ፣ እንዳትፈትጊ» ይላሉ፤ ከማን እንደ ተማሩት ቢጠየቁ ከእናታችን ከማለት በቀር የሚያውቁት ነገር የላቸውም።